የላምባው ምድጃ ታሪክ

ለአብዛኞቻችን ታሪክ ማለት ጦርነትና ዙፋን ነው። ጉንደትን፣ መቅደላንና ዓድዋን ከነቀናቸው የሚያነበንብ ተማሪ ሞልቷል፤ ሙዝ እንዴት ቢጫ እንደሚሆን የሚነግረን ግን ከስንት አንድ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ለእርሻ ኮሌጆች ትተንላቸዋል። ነገር ግን በአንድ ዘለላ ሙዝ ውስጥ የገበሬው፣ የነጋዴው፣ የመርከበኛውና የሳይንቲስቱ ታሪክ ታጭቆ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ እሱን ፈታ አድርገን ለማየት እንሞክራለን። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ነገሩ የቀልድ ነገር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2011 ባወጣው ግምት፣ ለሰው ምግብ ተብሎ ከሚመረተው ሁሉ አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም በዓመት 1.3 ቢሊዮን ቶን ገደማ፣ ሳይበላ ይቀራል። በ2019 ደግሞ ያው ድርጅት ሒሳቡን ከፋፍሎ፣ ከመከር በኋላ የችርቻሮ ሱቅ ሳይደርስ የሚጠፋው ብቻ 14 በመቶ ያህል ነው አለ። ፍራፍሬና አትክልት ደግሞ ከእህል ይልቅ ይጎዳል። እንዲህ ያለ ቁጥር በተነበበ ቁጥር ወዲያው የሚከተል ንግግር አለ፤ «የኛ ገበሬ እኮ አያያዝ አያውቅም» ይባላል። በክፍል ውስጥም በሻይ ቤትም ሰምተነዋል። እኛ ይህን አባባል አንቀበለውም። ለምን እንደማንቀበለው ታሪኩ ራሱ ይናገር።

በመጀመሪያ አንድ ልዩነት እናስቀምጥ። አያቶቻችን ምግብ ማቆየትን አሳምረው ያውቁ ነበር። ሥጋውን ቋንጣ፣ ቃሪያውን በርበሬ፣ እንሰቱን ጉድጓድ ቀብረው ቆጮ ያደርጉታል፤ ወተቱም ቅቤ ሆኖ ይነጠራል። ይህ ሁሉ ግን ነገሩን ለውጦ ማቆየት ነው። የደረቀ በርበሬ ሞቶ የቆየ ነው። ትኩስ ፍሬ ግን ከዛፉ ከተቆረጠም በኋላ በሕይወት አለ። ይተነፍሳል። ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፣ ይሞቃል፣ በቅርንጫፉ ላይ ሳለ ያከማቸውን ስንቅ እየበላ ይኖራል። ስንቁን ሲጨርስ ይሞታል፤ ከዚያ ወዲያ የሻጋታው ነው። ስለዚህ ፍሬን ትኩስ አድርጎ ማቆየት ማለት፣ እስትንፋሱን ሳያቋርጡ ቀስ እንዲል ማድረግ ማለት ነው። ይህን በሙከራ ያሳየው በፈረንሳይ አገር በሞንፔሊዬ የነበረው ዣክ ኤቲየን ቤራር ሲሆን፣ በ1821 ፍሬ ኦክስጅን ካላገኘ መብሰሉን እንደሚያቆም ጻፈ። የፈረንሳይ አካዳሚም ሸለመው። ሽልማቱ ደርቆ ቀረ እንጂ ሐሳቡ በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል ለመቶ ዓመት ያህል ቆየ።

እንግዲህ ወደ ኋላ፣ ወደ ሾላ ዛፍ እንመለስ። ሾላ በአገራችን በየወንዙ ዳር የሚበቅል፣ ጥላው የሽማግሌ ሸንጎ የሆነ ዛፍ ነው። በእኛ ዘንድ ፍሬው ውስጥ ገብታ የምታዳቅለው ትንሽ ተርብ አለችው። በጥንታዊት ግብጽና በፍልስጥኤም ምድር ግን ዛፉ ሲሄድ ይህቺ ተርብ አብራ አልሄደችም፤ ስለዚህ ፍሬው እንዲሁ ቢተው እንደ ሚገባው አይጣፍጥም። የግብጽ ገበሬዎች ታዲያ ምን አደረጉ? ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ በብረት ጫሩት። የግሪኩ ሊቅ ቴዎፍራስጦስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ገደማ ስለ ዕፀዋት በጻፈው መጽሐፍ፣ የተጫረው ፍሬ በአራት ቀን ውስጥ እንደሚበስል ይነግረናል። በግብጽ መቃብሮችም የጭረት ጠባሳ ያለባቸው የደረቁ የሾላ ፍሬዎች ተገኝተዋል። በመጽሐፍ ቅዱስ ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 7 ሥራውን ሲናገር እረኛና የሾላ ሠራተኛ ነኝ ይላል፤ በግብጽ አገር እንደ ተሠራ የሚነገርለት የግሪክኛው ትርጉም ደግሞ ቃሉን «ጫሪ» ብሎ ተርጉሞታል። አሞጽ እንግዲህ የድሆችን ዕንባ ብቻ ሳይሆን ፍሬ የማብሰልንም ጥበብ የሚያውቅ ሰው ነበር ማለት ነው።

ጭረቱ ለምን አበሰለው? መልሱ የመጣው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ያውም ከእርሻ በኩል ሳይሆን ከመንገድ መብራት በኩል።

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ከተሞች ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ ይበሩ ነበር። ጋዙ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ይሄዳል፤ ቧንቧው ሲያፈስ ደግሞ በመንገዱ ዳር ያሉ ዛፎች ያለ ጊዜያቸው ቅጠላቸውን ያረግፋሉ። ዢራርዳን የተባለ ሰው ይህን በ1864 ጽፎታል። ከዚያ በ1901 በሴንት ፒተርስበርግ ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ ወጣት ተመራማሪ መጣ። በላቦራቶሪው ጨለማ ውስጥ የሚያበቅላቸው የአተር ችግኞች ቀጥ ብለው ማደግ ሲገባቸው እየወፈሩና እየተጋደሙ አስቸገሩት። ውጭ ሲያወጣቸው ደኅና ይሆናሉ። ሌላው ሰው ቢሆን ዘሩን ይረግም ነበር። ኔልዩቦቭ ግን አየሩን ጠረጠረ፤ ከመብራቱ ጋዝ ውስጥ እየለየ አንድ በአንድ ቢሞክር ጥፋተኛው ኤቲሊን የሚባል፣ ሁለት ካርቦንና አራት ሃይድሮጅን ብቻ ያለው ቀላል ጋዝ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ አምስት ቢሆን ነው። የኛን ዕድሜ ያህል ማለት ይቻላል። ይህን የምንለው ለማንም ስድብ አይደለም።

አሁን የላምባው ምድጃ ይመጣል። በካሊፎርኒያ የሎሚ አምራቾች ሎሚው አረንጓዴ ሳለ ይለቅሙና በተዘጋ ክፍል ወይም በድንኳን ውስጥ ደርድረው የላምባ ምድጃ ያነዱበት ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ልጣጩ እንደ ወርቅ ቢጫ ይሆናል። አምራቹም ሠራተኛውም ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ኋላ ግን ሥልጣኔ መጣና ጭስ የሌለው ንጹሕ ማሞቂያ ገባ። ክፍሉ እንደ ቀድሞው ሞቀ፤ ሎሚው ግን አረንጓዴ እንደ ሆነ ተቀምጦ አፈጠጠባቸው! ሲቨርስና ትሩ የተባሉ የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ሰዎች በ1912 ነገሩን መርምረው፣ ሥራውን የሚሠራው ሙቀቱ ሳይሆን በደንብ ሳይነድ የሚወጣው ጭስ ነው አሉ። በ1924 ፍራንክ ዴኒ ከጭሱ ውስጥ ትክክለኛውን ሠራተኛ ለይቶ አወጣው፤ እሱም ያው ኤቲሊን ነው። ከአየሩ ሚሊዮን እጅ አንዱ እጅ እንኳ ኤቲሊን ቢሆን ሎሚውን ለማቅላት ይበቃ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በካሊፎርኒያው ክፍል ውስጥ ምድጃ ይለኩስ የነበረው ሠራተኛ ማብራሪያው ተሳስቶ ነበር፤ እጁ ግን አልተሳሳተም። የተማረው መሐንዲስ ማብራሪያውን ብቻ ተቀብሎ እጁን ባሻሻለ ጊዜ ነው ሥራው የተበላሸው። ዕውቀት ያለው በቃል ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ታሪክ ሁለት ጊዜ ቢያነበው ደግ ነው። ጫሪውም እንደዚያው ነው። በ1968 ያዕቆብ ጋሊል የተባለ በቴል አቪቭ የሚሠራ የዕፀዋት ሊቅ ይህን የሾላ ጭረት አጥንቶ ጽፎ ነበር፤ ከዚያም በኋላ በተደረገ ልኬት፣ የቆሰለው ፍሬ ከቁስሉ ኤቲሊን እንደሚያወጣ ታወቀ። የኛ እናቶችም ጥሬ ሙዝ ወይም አቮካዶ ገዝተው ሲገቡ በጨርቅ ጠቅልለው ከዱቄት ወይም ከእህል ጆንያ ውስጥ ይከቱታል፤ አንዱን የበሰለም አብረው ይጨምሩበታል። ጋዙ እንዳይበተን ማድረጋቸው እኮ ነው። ስሙን አይጠሩትም እንጂ ያዙታል።

ግን ጋዙ ከፍሬው ራሱ እንደሚወጣ በምን ታወቀ? በመርከብ ላይ ነው ፍንጩ የተገኘው። በ1910 ካዝንስ የተባለ በጃማይካ የነበረ ኬሚስት፣ ብርቱካንና ሙዝ በአንድ መርከብ ሆድ አይጫኑ፣ ከብርቱካኑ የሚወጣ ነገር ሙዙን ያለ ጊዜው ያበስለዋል ሲል አስጠነቀቀ። (ምናልባትም ሙዙን ያበሰለው ብርቱካኑ ሳይሆን በብርቱካኑ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ሻጋታ ሳይሆን አይቀርም፤ ሻጋታውም ኤቲሊን ያወጣል።) በ1934 ሪቻርድ ጌን የተባለ እንግሊዛዊ ከበሰለ ፖም የሚወጣውን ጋዝ አጠራቅሞ ኤቲሊን መሆኑን በኬሚስትሪ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶና ፖም ለመብሰል ሲዘጋጁ ኤቲሊን ይሠራሉ፤ የሠሩት ኤቲሊን ደግሞ ሌላ ኤቲሊን እንዲሠራ ያዛል። ስታርቹ ስኳር ይሆናል፣ ሥጋው ይለሰልሳል፣ አረንጓዴው ቀለም ይጠፋል። አንዴ ከተነሣ የሚመልሰው የለም። ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ወይንና አናናስ ግን እንዲህ አይደሉም፤ ከተቆረጡ በኋላ ውስጣቸው አይበስልም፤ ሎሚው በምድጃው ጭስ ቢጫ የሚሆነው ልጣጩ ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያለች አንዲት የተቀጠቀጠች ቲማቲም ጎረቤቶቿን ሁሉ ቀስቅሳ ታስከትላቸዋለች። ሻጋታዋ ሳይደርስባቸው ጋዟ ይቀድማል።

የሚያበስለውና የሚያበሰብሰው አንድ መሆኑ ከታወቀ ቀሪው ጥያቄ እንዴት እናዘገየው የሚል ነው። አንደኛው መንገድ ብርድ ነው። በመጋቢት 1901 «ፖርት ሞራንት» የተባለች መርከብ በማቀዝቀዣ የተጠበቀ ሙዝ ከጃማይካ ጭና እንግሊዝ አገር ገባች፤ ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ ድሃም ሙዝ መብላት ጀመረ። ብርዱም ልክ አለው። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ከወረደ ይታመማል፤ ልጣጩ ይጠቁራል፣ ደኅና አድርጎ መብሰልም ያቅተዋል። ፍሪጅ ውስጥ ሙዝ አስቀምጦ ጠቁሮ ያገኘ ሁሉ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሁለተኛው መንገድ አየሩን መለወጥ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የእንግሊዝን የምግብ መርከብ ሲያሰጥሙ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በ1917 የምግብ ምርምር ቦርድ አቋቋመ። ፍራንክሊን ኪድና ሲረል ዌስት በኬምብሪጅ ከ1918 ጀምሮ ፖም በታሸገ ክፍል እያስቀመጡ ኦክስጅኑን አሳነሱ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጨመሩ። የቤራር ሐሳብ ከመቶ ዓመት በኋላ ተነሣ ማለት ነው። በ1929 በኬንት አውራጃ የመጀመሪያው የንግድ ጎተራ በዚህ ዘዴ ተሠራ። ዛሬ አውሮፓና አሜሪካ በመጋቢትም በሰኔም ፖም የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው።

ረሃብ ሲያሰጋ መንግሥት ለሳይንቲስት ገንዘብ ሰጠ፣ ሳይንቲስቱም ጎተራ ሠራ። እሰየው። ግን በአፍጋኒስታን፣ ከካቡል በስተሰሜን ያሉ ገበሬዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚሠሩት ካንጊና የሚባል ነገር አለ። ከጭቃና ከጭድ ሁለት ሰፋፊ ሳህን ሠርተው በፀሐይ ያደርቃሉ፤ ወይኑን በአንደኛው ላይ አስቀምጠው በሌላኛው ይከድኑና ዙሪያውን በጭቃ ይለስኑታል። ከዚያ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ ያኖሩታል። በመከር የተለቀመው ወይን ለወራት ቆይቶ በመጋቢት፣ በአዲስ ዓመታቸው በኖውሩዝ፣ ትኩስ ሆኖ ይበላል። ወይኑ ራሱ ሲተነፍስ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይጨምራል። የኪድና የዌስት ክፍል ይህ አይደለም እንዴ? ልዩነቱ የኬንቱ ፖም ብዙ ቶን ነው፤ የጭቃው ሳህን የሚይዘው አንድ ሁለት ኪሎ ነው። ልዩነቱ የዕውቀት ሳይሆን የካፒታል ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የኋለኛውን ታሪክ ቶሎ እንለፈው። ሻንግ ፋ ያንግ በካሊፎርኒያ፣ ተክል ኤቲሊንን ከምን እንደሚሠራው ደረጃ በደረጃ ፈትቶ በ1979 ዋናውን መካከለኛ ንጥረ ነገር አሳወቀ። በ1990ዎቹ ደግሞ ኤድዋርድ ሲስለርና ሲልቪያ ብላንከንሺፕ በኖርዝ ካሮላይና ኤቲሊን የሚቀመጥበትን ቦታ ቀድሞ የሚይዝና የፍሬውን ጆሮ የሚደፍን ጋዝ አገኙ፤ ለፖምና ለአበባ በሰፊው ይሠራበታል። ርካሽ ነገር ፈልጎ ካርባይድ ውስጥ ማንጎ የሚቀብርም ነጋዴ በየአገሩ አለ። ያ የበያጆች ካርባይድ እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው አሴቲሊን ኤቲሊንን ስለሚመስል ፍሬውን ያታልለዋል፤ ነገር ግን አርሴኒክና ፎስፊን ሊኖርበት ስለሚችል ሕንድን የመሰሉ አገሮች በሕግ ከልክለውታል። መከልከሉ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። አዲስ አበባ የምትበላው ሙዝ በብዛት የሚመጣው ከጋሞ፣ ከአርባ ምንጭ አካባቢ ነው። ገበሬው ጥሬውን ይቆርጣል፤ ነጋዴው አይሱዙ ላይ የሙዝ ቅጠል አንጥፎ ዘለላውን እንደ እንጨት ይከምርበታል፤ መኪናው ከአራት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ከሥር ያለው ዘለላ በላዩ ያለውን ሁሉ ተሸክሞ በየጉድጓዱ ሲነጥር ይመጣል። ሙዙ ሲራገፍ አረንጓዴ ይምሰል እንጂ ቆስሏል፤ የቆሰለ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ከሾላው አይተናል። ከዚያም በጅምላ ነጋዴው የማብሰያ ክፍል ይደረደራል። በሩና ቀዳዳው ይደፈናል፤ ውስጥ የላምባ ምድጃ ይለኮሳል። አዎ፣ ያው ምድጃ ነው! በካሊፎርኒያ በ1912 የተመረመረው ጭስ፣ ሙዛችንን ያበስላል። ዘመናዊ የማብሰያ ክፍል ያላቸው ድርጅቶች አሉ፤ ጭሱ ግን አልጠፋም። ጭሱ መጠኑ አይለካም፤ አንዱ ዘለላ ሲበስል አንዱ ጥሬ ይቀራል። ምድጃውን ለማየት የሚገባው ሠራተኛም ከኤቲሊኑ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተነፍሳል። ስለ ሙዙ ብክነት ሲጻፍ ስለዚህ ሰው ሳንባ ግን ብዙ ሲጻፍ አላየንም።

ታዲያ ጥፋቱ ያለማወቅ ነው? እንግዲህ ጫትን እንመልከት። ጫት ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ዋጋው የሚሞት ቅጠል ነው። ከሙዝ ይብሳል። ሆኖም የሐረርጌ ገበሬና ነጋዴ በማለዳ የተቆረጠውን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ፣ በመኪናና በአውሮፕላን እያጣደፈ፣ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ለቀትር በርጫ ያደርሰዋል። አንድ ቀን ሳይሆን በየቀኑ ነው። የጽጌረዳ አበባችንም በዝዋይና በሆለታ ተቆርጦ በቀዝቃዛ ክፍልና በቀዝቃዛ መኪና ቦሌ ይደርሳል፤ ከዚያ በሌሊት በረራ አውሮፓ ይገባል። ማወቁስ አለ። መንገዱም አለ። ብርዱም አለ። ዋጋ የሚከፍል ያለበት ዕቃ ሲሆን ሁሉም ይገኛል። የመቂ ቲማቲም ግን በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው የለቃሚውን የቀን ሙያ እንኳ አይሸፍንም፤ ያን ጊዜ ገበሬው ማሳው ላይ ትቶት ቢሄድ ሒሳብ ማወቁ እንጂ አያያዝ አለማወቁ አይደለም። በእንጨት ሳጥን ጢም አድርጎ የሚጭነውም የሚከፈለው በሳጥን ስለሆነ ነው፤ ለስላሳ አያያዝ ቢይዝ ማን ይከፍለዋል? ደላላው?

ሌላም ነገር እንጨምር። የአዲስ አበባ የአትክልት ጅምላ ገበያ ለብዙ ዘመን የኖረው ፒያሳ አትክልት ተራ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ዝናቡ ሲመጣ ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ ፍሬውም ሰውም በጭቃው ላይ ዋለ። ቆይቶም ከዚያ ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳርቻ ሄደ። ፍሬ ከፀሐይና ከዝናብ መጠለያ እንደሚያስፈልገው ማንም ያውቃል። ጣራው ግን በነጋዴው ወይም በሸማቹ ዕውቀት አይሠራም፤ በጀት ይፈልጋል።

ከማብሰያው ክፍል የወጣ ሙዝ ከዚያ ወዲያ የሚቀሩት ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጅምላ ነጋዴው ቶሎ ያስረክባል፣ ቸርቻሪው ቶሎ ይሸጣል፤ እያንዳንዱ የቀረውን ጊዜ እያሳጠረ ለሚቀጥለው ያሳልፋል። መጨረሻ ላይ የጉሊቷ እናት ናት ያለችው። ጠዋት በሙሉ ዋጋ የገዛችውን ከሰዓት በኋላ ነጠብጣብ ሲጀምረው ዋጋ ትቀንሳለች፤ ማታ ሲጠቁር ደግሞ ከዚያም ታወርዳለች፣ የቀረውን ለልጆቿ ይዛ ትገባለች። የኛ ቢጤ ተማሪም ኪሱን እያሰበ የሚገዛው ያን ጊዜ ነው። በፋኦው ሒሳብ የእሷ ኪሳራ ከስንት አንድ እጅ ሆኖ ይገባል፤ በእሷ ሒሳብ ግን የነገው ሙዝ መግዣ ነው።